በአሮጌና በርካሽ ካሜራ የፎቶግራፍን ደስታ መልሶ ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ፎቶ ማንሳትን ወድደው ጀምረው በኋላ የሰለቻቸው፣ አሁን ደግሞ ያገለገለ ርካሽ ካሜራ ይዘው እንደገና ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

አሮጌ ካሜራ የሚባለው የትኛው ነው?

እዚህ አሮጌ ካሜራ ስንል በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ለገበያ የቀረቡትን፣ ሌንሳቸው የሚቀያየርና በውስጣቸው መስታወት ያላቸውን ዲጂታል ካሜራዎች ማለታችን ነው። ዘመኑ ከ2003 የሚጀምርበት ምክንያት አለው፤ በዚያ ዓመት የወጣው ካኖን ኢኦኤስ 300ዲ ከእርሱ በፊት ከነበሩት እጅግ በረከሰ ዋጋ በመሸጡ፣ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በባለሙያዎች እጅ ብቻ ይታይ የነበረው ዓይነት ካሜራ ወደ ተራው ሰው መድረስ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኒኮን ዲ70 ተከተለው። ካኖን ኢኦኤስ 5ዲ በ2005፣ ኒኮን ዲ40 በ2006፣ ኒኮን ዲ700 በ2008 የወጡ ሲሆን፣ ሁሉም ዛሬ የሚሸጡት በወጡበት ጊዜ ከነበራቸው ዋጋ በጥቂቱ ነው።

በኪስ የሚያዙት ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎችም ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ የላቸውም፤ ቁልፉ ከተጫነ በኋላም ፎቶው እስኪነሳ ጥቂት ያዘገያሉ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ትልልቆቹ ነው።

ስልኬ ጥሩ ፎቶ እያነሳ አሮጌ ካሜራ ለምን ያስፈልገኛል?

ለውጤቱ ብቻ ከሆነ ላያስፈልግዎ ይችላል። ዘመናዊ ስልክ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲነኩት በፍጥነት ብዙ ምስሎችን ያነሳና አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል፤ ጨለማውን ያበራል፣ የነጣውን ሰማይ ያድናል፣ ጠርዞቹን ያጠራል። ብርሃንና ጥላ እጅግ በተራራቁበት ቦታ ወይም ማታ ከሆነ፣ ስልክ ከ20 ዓመት በፊት ከተሠራ ካሜራ የተሻለ ፎቶ ሊያወጣ እንደሚችል በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ያለው ውሳኔውን ማን ይወስናል በሚለው ላይ ነው። ስልኩ ጥላው ምን ያህል ይጨልም፣ ከበስተጀርባ ያለው ምን ያህል ይደብዝዝ የሚለውን በራሱ ይወስናል፤ ካሜራው ግን እነዚህን ውሳኔዎች ለእርስዎ ይተዋል። ኤፒኤስሲ በሚባለው መጠን የተሠሩት አሮጌ ካሜራዎች 24 በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) አላቸው፤ ሙሉ ፍሬም የሚባሉት ደግሞ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ከስልክ ሴንሰር በብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ፣ የፊቱን አጥርቶ የኋላውን ማለስለስ በሶፍትዌር ስሌት ሳይሆን በሌንሱ በራሱ የሚመጣ ነገር ይሆናል።

6 ወይም 12 ሜጋፒክስል ዛሬ በቂ ነው?

አዎ፣ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። የኒኮን ዲ40 ምስል 3008 በ2000 ነጥቦች፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ነጥብ ወይም 6 ሜጋፒክስል ገደማ አሉት። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርገው ቢያትሙት፣ ማለትም ዓይን በቅርብ ሲመለከት ነጥቦቹን ለይቶ በማያይበት ጥራት፣ 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወረቀት ይሞላል። የኢኦኤስ 5ዲ 12.8 ሜጋፒክስል ምስል (4368 በ2912) በዚሁ ስሌት 37 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ደግሞ ከርቀት ስለሚታይ፣ በአንድ ኢንች ከዚህ በጣም ያነሱ ነጥቦች ይበቁታል።

አራት ኬ የሚባለው ትልቅ ስክሪን እንኳን የሚያሳየው 8.3 ሜጋፒክስል ያህል ነው። አነስተኛ ሜጋፒክስል በእርግጥ የሚከለክለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከሩቅ አንስቶ በኋላ ከምስሉ ትንሽ ክፍል ቆርጦ ማስቀረትን ነው። ይህ ደግሞ ሰውየውን ጠጋ እንዲል ያስገድደዋል፤ በእኔ እምነት ጠጋ ማለት ከማንኛውም የካሜራ ለውጥ በላይ ፎቶን ያሻሽላል።

ደስታው በትክክል ከምን ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ መመልከቻው ነው። ከሌንሱ የሚገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ በቀጥታ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል፤ የሚያዩት ስክሪን ሳይሆን ነገሩን ራሱን ነው። አንዱን ዓይን ጨፍነው በሌላው ወደ ጠባቧ መስኮት ሲመለከቱ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይጠፋና አራት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። በአንጻሩ የብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች የኋላ ስክሪን ትንሽና ደካማ ነው፤ የ5ዲው ባለ 2.5 ኢንች ስክሪን 230,000 ነጥቦች ብቻ ስላሉት፣ ፎቶው የተሳካ መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ስጦታቸው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ የማይነግርዎት ከሆነ አንገት ደፍቶ ማየት ትርጉም ያጣና ዓይንዎ ከሚነሳው ሰው ወይም ነገር ላይ አይነሳም። ፎቶዎቹን የሚያዩት ማታ ቤት ሲገቡ ነው፤ ያ መጠበቅ ራሱ የደስታው አካል ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ የውሳኔው ማነስ ነው። አዲስ ካሜራ በመቶ የሚቆጠሩ የፎከስ ነጥቦች (አጥርቶ ለማንሳት የሚያነጣጥርባቸው ቦታዎች)፣ ዓይን የሚከታተል ሥርዓትና ገጽ በገጽ የተደራረበ ሜኑ አለው። ዲ40 ያለው ሦስት የፎከስ ነጥብ ብቻ ነው። በመስኮት በኩል ጠዋት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ፊቱን ከአንድ ወገን የነካውን ሰው ለማንሳት ሲፈልጉ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን) 400፣ የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 2.8፣ ፍጥነት 1/60 ሰከንድ አድርገው፣ መካከለኛውን ነጥብ በቅርቡ ዓይኑ ላይ አሳርፈው፣ ቁልፉን እስከ ግማሹ ተጭነው ፎከሱን ይይዙና ካሜራውን በትንሹ ወደ ጎን መልሰው ይጫኑታል። ከዚያ በላይ የሚወሰን ነገር የለም። እጅ ይህን ቅደም ተከተል ሲለምደው አእምሮ ነጻ ይሆንና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ፊቱና ስለ ቅጽበቱ ብቻ ማሰብ ይጀምራል።

ሦስተኛው ቀላል ነው፦ ውድ ያልሆነ ዕቃ ፍርሃት አያመጣም። አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ካፊያ ሲጥል ወደ ቦርሳው ይመልሰዋል፤ አቧራ ወዳለበት ቦታ ይዞት አይሄድም፤ ብዙ ጊዜም ቤት ትቶት ይወጣል።

ፎቶ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የትኛውን ልምረጥ?

ቀላልና ትንሽ ካሜራ ከፈለጉ ኒኮን ዲ40 ጥሩ መነሻ ነው፤ ባለ 6.1 ሜጋፒክስል ሲሆን ባትሪ ሳይገባበት ከግማሽ ኪሎ በታች ይመዝናል። ፔንታክስ ኬ100ዲ ደግሞ በየትኛውም ሱቅ በሚገኙ አራት ደብል ኤ ባትሪዎች የሚሠራ ከመሆኑም በላይ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ሥርዓት በካሜራው ውስጥ ስላለ ለማንኛውም ሌንስ ያገለግላል። ሰፊ መመልከቻና ሙሉ ፍሬም የሚሹ ሰዎች ካኖን 5ዲን ወይም ኒኮን ዲ700ን ይመርጣሉ። ሁለቱም ግሩም ካሜራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከነሌንሳቸው ከባድ ስለሆኑ፣ ከባድ ካሜራ ቤት የማስቀመጥ ልማድ ላለው ሰው አልመክራቸውም።

ካሜራ ከመምረጥዎ በፊት የሚጠቀመው የካርድ ዓይነት ዛሬም እንደሚገኝ ያረጋግጡ። የቀድሞ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ትንንሽ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ኤክስዲ ካርድ ምርቱ ካቆመ ቆይቷል፤ ካሜራው በነጻ ቢሰጥዎት እንኳን ካርዱን ፍለጋ መድከምዎ አይቀርም።

ያገለገለ ካሜራ ስገዛ ምን ምን መፈተሽ አለብኝ?

በመጀመሪያ የካርዱን ማስገቢያ ከፍተው በብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ወፍራም ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎች በማስገቢያው ውስጥ 50 ቀጫጭን የብረት እሾሆች አሏቸው፤ ካርዱ ተጣምሞ በኃይል ከተገፋ አንዱ ይጎብጥና ካሜራው ካርዱን ማንበብ ያቆማል። እሾሆቹ ሁሉ በእኩል ቁመት ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ቀጥሎ ሌንሱን ፈትተው በእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች በመስታወቱ ውስጥ ከታዩ ሻጋታ ስለሆነ ሌንሱን አይግዙት። የቀዳዳውን ቅጠሎችም ይመልከቱ፤ የዘይት እርጥበት ካለባቸው በሚጫኑበት ጊዜ ይዘገያሉ፣ ፎቶውም ከሚገባው በላይ ይነጣል። በመመልከቻው ውስጥ የሚታይ አቧራ ግን ፎቶው ላይ ስለማይወጣ አያሳስብም።

ሴንሰሩን ለመፈተሽ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያንሱ። ደብዘዝ ያሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ አቧራ ነው፤ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አብዛኛው ይለቃል። በአፍ እፍ ማለት ግን ምራቅ ስለሚረጭ ፈጽሞ አይገባም። ከዚያም የሌንሱን ክዳን ከድነው ለጥቂት ሰከንዶች ክፍት በሚቆይ ሹተር (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባና የሚዘጋ መጋረጃ) አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ጥቂት የሚያበሩ ነጥቦች ቢታዩ የተለመደ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስመር ከታየ ግን ይተዉት።

የመጨረሻው ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ማወቅ ነው። 5ዲ ለ100,000፣ ዲ700 ለ150,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥሩ ግምት እንጂ የሞት ቀን ስላልሆነ ከዚያ አልፈው የሚሠሩ አሉ፣ ሳይደርሱ የሚበላሹም አሉ። ኒኮን ካሜራዎች ይህን ቁጥር በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፉት ሻጩ አንድ ያልተነካካ ፎቶ ቢልክልዎ ማንበብ ይቻላል። በ5ዲ ላይ ለብቻው የሚታወቅ አንድ ድክመት አለ፤ መስታወቱን የያዘው ማጣበቂያ በጊዜ ብዛት ይለቅና መስታወቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማጠናከሪያ የተሠራለት መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የትኛውን ሌንስ ልያዝ?

አንድ ብቻ፣ ዙም የማያደርግ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ርካሽም ጥሩም ነው። በኤፒኤስሲ ካሜራ ላይ ግን ይኸው ሌንስ የ75 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ስለሚሰጥ በክፍል ውስጥ ይጠብባል፤ ስለዚህ 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት መግጠሙን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ያረጋግጡ። የኒኮን ሌንስ መግጠሚያ ከ1959፣ የፔንታክስ ከ1975፣ የካኖን ኢኤፍ ከ1987 ጀምሮ ስላሉ የሚመረጠው ብዙ ነው። ሆኖም ዲ40 በውስጡ የፎከስ ሞተር ስለሌለው፣ ሞተር የሌላቸው የቀድሞ ሌንሶች ቢገጥሙም ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል። ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩት የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶችም በ5ዲ ላይ አይገጥሙም።

ካርዱና ባትሪውስ?

ከ2006 በፊት ወጥተው ኤስዲ ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎች በአብዛኛው ከ2 ጊጋባይት የሚበልጠውን አያነቡም፤ ኤስዲኤችሲ የሚባለው እስከ 32 ጊጋባይት የሚደርስ ዓይነት የመጣው በዚያ ዓመት ነው። 2 ጊጋባይት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ 6 ሜጋፒክስል የጄፔግ ፎቶ (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶና አሳንሶ የሚያስቀምጠው የተለመደ ፋይል) በከፍተኛ ጥራት 3 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ከ600 በላይ ፎቶ ይይዛል። ካርዱን ሁልጊዜ በካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት፤ ፎቶዎቹንም በካርድ አንባቢ ይገልብጡ፤ የቆየው ካሜራ በገመድ ሲገለብጥ እጅግ ይዘገያል።

ዋናው ባትሪ በእድሜ ብዛት ቢዳከም በሌላ ድርጅት የተሠራ ምትክ በአብዛኛው ይገኛል። ያበጠ ባትሪ ግን ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው መወገድ አለበት። ካሜራው በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ ያለቀው ሰዓቱን የሚጠብቀው ትንሽ የውስጥ ባትሪ ነው፤ ፎቶ ከማንሳት አያግድም።

በደካማ ብርሃን እንዴት ይሠራል?

ከአዲሶቹ ያንሳል። በ6 ሜጋፒክስሎቹ ላይ ከአይኤስኦ 800 በላይ ባይሄዱ ይመረጣል፤ 5ዲ እስከ 1600 ድረስ ያስኬዳል፤ ዲ700 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ዋናው ምስጢር ፎቶውን አጨልሞ አለማንሳት ነው፤ በአሮጌ ሴንሰር የተነሳ ጨለማ ምስል በኋላ በኮምፒውተር ሲበራ ጥላው በቀለማት ብናኝ ይሞላል፣ አንዳንዴም መስመር ያወጣል። አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ በትክክለኛ ብርሃን ማንሳት፣ ዝቅ አድርጎ በኋላ ከማብራት በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ይሻላል። ብናኝ ያለበትን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥም ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ቀለሙ ሲጠፋ ብናኙ የሚያስቀይም መሆኑ ይቀራል።

ፍላሽ የሚያስቡ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በፊልም ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ፍላሾች በመገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚልኩ የዲጂታል ካሜራን ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ቮልቱን ሳያውቁ ካሜራዎ ላይ አይሰኩ።

የሲሲዲ ሴንሰር ቀለም ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሳል፤ የተጋነነው ክፍል ከእውነቱ ክፍል ይበልጣል። ሲሲዲም ሆነ ሲሞስ (ሁለቱ የሴንሰር ዓይነቶች) የሚለካው የብርሃንን ብዛት ብቻ ነው፤ በራሱ ቀለም አያውቅም። ቀለሙን የሚፈጥሩት በሴንሰሩ ላይ የተነጠፉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች፣ የነጭ ሚዛን ግምቱ (ነጭ ነገር በየብርሃኑ ዓይነት ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገው ማስተካከያ)፣ እንዲሁም ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ የሚከተለው ቀመር ናቸው። በቀለሙ ውበት እስከ ዛሬ የሚወደሰው ካኖን 5ዲ ሲሞስ መሆኑ ብቻ ክርክሩን ሊያበርደው ይገባ ነበር።

ያም ሆኖ ሰዎች የሚያዩት ልዩነት የፈጠራ ወሬ አይደለም። የዚያ ዘመን ካሜራ ጥላን በኃይል አያበራም፣ ብርሃንና ጨለማን አያቀራርብም፤ ስለዚህ ጥላው ጥላ፣ ቀለሙም ደማቅ ሆኖ ይቀራል። ዓይናችን የለመደው የስልክ ፎቶ ሁሉንም ነገር እኩል ስለሚያበራ ይህ እንግዳና ማራኪ ሆኖ ይታያል። ሲሲዲ በእርግጥ የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ፤ ዲ70 እና ዲ40 ሴንሰሩን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ጭምር ስለሚዘጉ ፍላሽን እስከ 1/500 ሰከንድ ድረስ ያስኬዳሉ፤ ይህም በጠራራ ፀሐይ በፊት ላይ የወደቀን ጥላ ለማለስለስ እጅግ ይጠቅማል። ሲሲዲ የሚል ስም ስላለው ብቻ ዋጋው ለተሰቀለ ካሜራ ግን ገንዘብዎን አያውጡ።

በጄፔግ ላንሳ ወይስ በጥሬ ፋይል?

ደስታው ከጠፋባቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሰለቻቸው ማንሳቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ፊት የሚጠፋው ሰዓት ነው። ስለዚህ ለጊዜው በጄፔግ ያንሱ፤ የነጭ ሚዛኑን እንደ ቦታው ራስዎ ይምረጡ፤ የወጣውንም እንደወጣ ይቀበሉት። እነዚህ ካሜራዎች የነጣን ብርሃን መልሶ የማዳን አቅማቸው አነስተኛ ስለሆነ፣ ሰማይ ወይም ነጭ ልብስ በምስሉ ውስጥ ሲኖር ብርሃኑን በትንሹ ይቀንሱ።

በኋላ ጥሬ ፋይል (ሴንሰሩ የለካው ሳይዘጋጅ የሚቀመጥበትን) ማንሳት ቢፈልጉ ፋይሎቹ የሚከፍታቸው ያጣሉ ብለው አይስጉ። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች የዚያን ዘመን ካሜራዎች አብዛኛዎቹን ያነባሉ።

የፊልም ካሜራ ብገዛ አይሻልም?

ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 ወይም በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ሊወደዱ የሚገባቸው ካሜራዎች ናቸው። ነገር ግን ርካሽ የሆነው ካሜራው ብቻ ነው። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ይሰጣል፤ ለጥቅሉ፣ ለማጠቢያውና ለመቃኛው በየጊዜው ይከፈላል፤ ስለዚህ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ስለ ወጪ ማሰብ ይመጣል። ያ ጭንቀት ለአንዳንዱ ሰው ጥንቃቄን ያስተምረዋል፤ ለሌላው ደግሞ ከአዲሱ ካሜራ የሸሸውን ፍርሃት በሌላ በር ያስገባበታል።

የፊልምን ትዕግሥት ያለ ወጪው ማግኘት የሚፈልግ ሰው በዲጂታሉ ላይ የብርሃን መለኪያውን ችላ ብሎ የድሮውን ደንብ ይሞክር፦ ፀሐይ በጠራበት ቀን ቀዳዳው ኤፍ 16፣ ፍጥነቱ ለአይኤስኦው ቅርብ ይሆናል፤ አይኤስኦ 200 ከሆነ 1/200 ሰከንድ ማለት ነው። ብርሃንን በዓይን መገመት የሚለመደው እንዲህ ነው።

በአዲሱ ካሜራዬ ላይ ራሴ ገደብ ባበጅ ያው አይደለም?

ለአንዳንድ ሰዎች ያው ነው፤ ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩት። ካነሱ በኋላ ምስሉ በስክሪን ላይ እንዳይመጣ ያጥፉት፤ አንድ ሌንስ ብቻ ይግጠሙ፤ ካሜራው ከፈቀደ ፎቶውን ወደ አነስተኛ መጠን ዝቅ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ለጥቂት ሳምንታት ሠርተው ደስ ካለዎት ወጪው ቀረልዎ።

ሙከራው የሚከሽፍበት ቦታ ግን የታወቀ ነው። በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ገደብ፣ ፎቶው አስቸጋሪ በሆነ ቅጽበት ይነሳል፤ ሰው በችግር ጊዜ ወደ ቀላሉ መንገድ ማዘንበሉ ተፈጥሯዊ ነውና። አሮጌው ካሜራ ይህን ምርጫ አይሰጥም፤ ሦስት የፎከስ ነጥብ ያለው ካሜራ አራተኛ ማምጣት አይችልም። በዚያ ምክንያት ሰውየው ቆሞበት የነበረውን ቦታ ይለውጣል፣ ብርሃኑን ይጠብቃል፣ ወይም ፎቶውን ይተወዋል፤ ሦስቱም የፎቶ አንሺ ውሳኔዎች ናቸው።

አንዱን ከገዛሁ በኋላ ሌላ ሌላ መግዛት ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ?

ይህ የተለመደ ችግር ነው፤ ዋጋቸው ርካሽ መሆኑም ያባብሰዋል። ካሜራ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ክቡር ዝንባሌ ነው፤ ሆኖም ፎቶ ማንሳት አይደለም። የሁለት ካሜራ ቁልፎች የተለያየ ቦታ ስላሉ፣ በየሳምንቱ የሚቀያይር ሰው እጅ የአንዱንም ቅደም ተከተል አይለምድም። አንዱን መርጠው ሌሎቹን ይሽጡ ወይም ለሚጀምር ሰው ይስጡ።

በአሮጌ ካሜራ ተከፍሎኝ መሥራት እችላለሁ?

በጥራት ረገድ ይቻላል፤ በኃላፊነት ረገድ ግን አልመክርም። ከላይ የተጠቀሱት ካሜራዎች ሁሉ በአንድ ካርድ ብቻ የሚጽፉ ስለሆኑ ካርዱ ቢበላሽ መጠባበቂያ የለም። ለብዙዎቹም መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የማይደገም ሠርግ ወይም ምረቃ ላይ ለደንበኛው ተጠያቂ የሆነ ሰው አዲሱን ይዞ ይሂድ፤ አሮጌው በዕረፍት ቀኑ ይጠብቀዋል። አዲሱን ካሜራ ለመሸጥ መቸኮልም አያስፈልግም።

ካሜራውን ገዝቼ ደስታው ባይመለስስ?

ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የጠፋው ደስታ ከካሜራው ሳይሆን የሚነሳ ነገር ካለመኖሩ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ የሚረዳው ጠባብ ጉዳይ መምረጥ ነው፤ የአንድ ሰው እጆች በሥራ ላይ፣ የቤትዎ አንድ ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየቀኑ የሚያልፉበት አንድ መንገድ። ከተነሱት መካከል ጥቂቶቹን መርጠው ያትሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይመልከቷቸው፤ ቀጥሎ ምን ማንሳት እንዳለብዎ ከስክሪን ይልቅ ወረቀቱ በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፎቶውን ለማን እንደሚያሳዩ ነው፤ ለብዙ የማይታወቁ ሰዎች አድናቆት ሲያነሱ የቆዩ ከሆነ፣ ለተወሰነ ጊዜ ለተነሳው ሰው ብቻ ታትሞ እንዲሰጠው ያድርጉ።

ይህም ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ካሜራውን ይሽጡት። ዋጋው አስቀድሞ የወረደ ስለሆነ፣ በንጽሕና ከያዙት ከገዙበት ብዙም ባልራቀ ገንዘብ ይሄዳል።